ከጸጥታው በፊት ያለው ትምህርት

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የተደረገ ንግግር)





አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ውስጣዊ ሰላም ጥቂት ይንገሩን» ሲለኝ መጀመሪያ አመነታሁ። ውስጣዊ ሰላም ያለው ሰው ስለሱ ብዙ አያወራም ይባላል፤ የሚያወራው ደግሞ የለውም ማለት ነው። ኮሚቴው ግን እኔን የመረጠበትን ምክንያት አውቃለሁ። ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ያህል ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። ይህንንም የተማርኩት ከህንዶች፣ በትክክል ለመናገር ከሂንዱ መንፈሳዊ ትምህርት ነው። ከናንተ መካከል «እሱማ ዮጊ ሆነ» እያላችሁ የምትቀልዱብኝ አላችሁ። ዛሬ ማይኩ በኔ እጅ ስለሆነ ልመልስላችሁ።

በኛ ዕድሜ ስንገናኝ ሰላምታችን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ግፊት፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ እንቅልፍ። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነቅቼ አነጋዋለሁ» የማይል ጥቂት ነው። ወጣቶቹ መምህራንም ከኛ የተሻሉ አይመስሉኝም፤ እነሱ ደግሞ ስልካቸውን ይዘው ነው የሚያነጉት። ስለዚህ የአእምሮ እረፍት ጉዳይ የቅንጦት ወሬ አይደለም፣ ሁላችንም ጋ የገባ ጉዳይ ነው።

የህንዶች ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። ከ1933 ዓ.ም ነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቶቻችን ሲስፋፉ ብዙዎቻችንን ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ህንዳውያን ናቸው። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው አሉ። እኔን በሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ መምህር ሁልጊዜ ከደወሉ በፊት ክፍል ገብተው፣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እናገኛቸዋለን። እኛ «ተኝተዋል» እያልን እንስቅ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ደፋር ጠየቃቸው። «ከቤት እስከዚህ የተበተነብኝን እየሰበሰብኩ ነው» አሉት። ከዚያ ተነስተው ሰሌዳውን ጠርገው አልጀብራ ጀመሩ። ሌላ ስብከት አልነበረም። ያቺ «መሰብሰብ» የምትለው ቃል ግን አብራኝ ቀረች።

ለመምህራኖቻችን ደስ የሚል አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1965 አገራችንን የጎበኙት የህንድ ፕሬዚዳንት ሳርቬፓሊ ራዳክሪሽናን ከፖለቲካው በፊት የፍልስፍና መምህር ነበሩ። በኦክስፎርድ የምሥራቅ ሃይማኖቶችና ሥነ ምግባር ፕሮፌሰር ሆነው አስተምረዋል፤ ባጋቫድ ጊታንና ዋና ዋናዎቹን ኡፓኒሻዶች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመዋል። በህንድ የመምህራን ቀን የሚከበረው በሳቸው የልደት ቀን፣ ሴፕቴምበር 5 ነው። አዲስ አበባ የተቀበለችው እንግዳ የአገር መሪ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ይህንን ትምህርት ለዓለም ካስተዋወቁት ትልልቅ ሊቃውንት አንዱም ነበር።

ከዚያም በጣም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። የደብረ ሊባኖሱ ዕጨጌ እንባቆም፣ ራሳቸው ከየመን የመጡ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1553 አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተርጉመዋል። ታሪኩ ስለ አንድ የህንድ ንጉሥ ልጅና ስለ አስተማሪው መናኝ ነው። ልዑሉ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ የዓለም ክብር ይቀልበታል። በረላምና ይዋስፍ የሚባለው መጽሐፍ ይህ ነው። ሊቃውንት መርምረው እንደደረሱበት ይዋስፍ የሚለው ስም በብዙ ቋንቋ ሲዞር ተለዋውጦ የመጣ ሲሆን መነሻው «ቦዲሳትቫ» ነው፤ ማለትም የቡድሃ ታሪክ ክርስቲያናዊ ልብስ ለብሶ ነው እኛ ገዳም የገባው። ቡድሃ ሂንዱ አልነበረም፣ ይህን አላምታታውም። ነገር ግን ከህንድ ምድር የወጣ የመናኝ ታሪክ በግዕዝ መነበብ ከጀመረ ከ450 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዲህ «እነዚህ ሰዎች ከኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» ለሚለው መልሱ ይኸው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ።

ዮጋ የሚለው ቃል ዛሬ እግር አንገት ላይ መስቀል ይመስለናል። በሳንስክሪት ግን ሥሩ መጥመድ ማለት ነው፤ ገበሬ በሬዎቹን በቀንበር እንደሚጠምደው። የተበታተነውን ኃይል አንድ ላይ ጠምዶ አንድ ትልም ማስያዝ ነው። ካታ የሚባለው ኡፓኒሻድ ነገሩን በሠረገላ ይመስለዋል። ሰውነታችን ሠረገላው ነው፣ የስሜት ሕዋሳቶቻችን ፈረሶቹ፣ ሐሳባችን ልጓሙ፣ አስተዋይ ልቦናችን ነጂው። ባለ ጋሪ ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ልጓሙ ከላላ ፈረሱ ወዳየው ሣር ነው የሚሄደው፤ ተሳፋሪው ቢጮህ ባይጮህ ለውጥ የለውም።

ባጋቫድ ጊታ 18 ምዕራፍና 700 ያህል ስንኝ ያለው መጽሐፍ ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ስለ ተመስጦ ነው፤ እነሱ ድያና ይሉታል። መመሪያው የሚያስፈራ አይደለም። ንጹሕ ቦታ ፈልግ፣ መቀመጫህ በጣም ከፍ ወይም በጣም ዝቅ አይበል፣ ጀርባህን አቅና ይላል። አብዝቶ የሚበላም ጨርሶ የማይበላም፣ አብዝቶ የሚተኛም ጨርሶ የማይተኛም አይሆንለትም ይላል። ይህን ስታነቡ የአያቶቻችን ምክር አይመስላችሁም? የጸና ልብ ነፋስ በሌለበት ቤት እንዳለ መብራት ነው የሚል ምሳሌም አለው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ተማሪው አርጁና ሁላችንም የምናነሳውን ጥያቄ ያነሳል። ልብ እኮ እረፍት የለውም፣ ነፋስን መያዝ ይቀላል ይላል። መምህሩ ክሪሽና «አይ፣ ቀላል ነው» አይለውም። ከባድ መሆኑን ያምንለትና ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንዱ አብያሳ ነው፣ መደጋገም፣ ልምምድ ማለት ነው። ሁለተኛው ቫይራግያ ነው፣ ያለመጣበቅ፣ ለቀቅ ማድረግ።

ይህን ለመረዳት ከዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ስትወጡ ሽሮ ሜዳ አለ። የጉለሌ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ መወርወሪያውን ሲያመላልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ድሩ ሲበጠስ ምን ያደርጋል? አይሳደብም፣ ሥራውንም ጥሎ አይነሳም። ሁለቱን ጫፍ ፈልጎ ይቋጥርና ይቀጥላል። በቀን ስንት ጊዜ እንደተበጠሰበት ብትጠይቁት አይቆጥረውም። ተመስጦም ይኸው ነው። ትንፋሻችሁን እየተከተላችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ሐሳብ ይበጠስና የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የትናንት ስድብ ይመጣል። ታዩታላችሁ፣ ቋጥራችሁ ትመለሳላችሁ። ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ ሐሳቤ አልቆም አለ፣ አልተሳካልኝም» ይለኛል። ሐሳብ መሄዱ ውድቀት አይደለም፤ ሥራው መመለሱ ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ የዮጋን ትምህርት አጠቃሎ የጻፈው የፓታንጃሊ መጽሐፍ «ሱትራ» ነው የሚባለው። ሱትራ ማለት ክር ማለት ነው።

ዛሬ በዋናነት ልናገር የፈለግኩት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ፓታንጃሊ መንገዱን ስምንት ደረጃ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ተመስጦ ስንተኛው ይመስላችኋል? ሰባተኛው ነው። የሰውነት አቀማመጥ ሦስተኛ፣ ትንፋሽ አራተኛ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ያማ ይባላል፤ በውስጡ አምስት ነገሮች አሉት። አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ ፍትወትን መግዛት፣ አለማግበስበስ። ከአምስቱም የመጀመሪያው አለመጉዳት ነው፣ አሂምሳ።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነን። ቅድመ ሁኔታ ያለው ኮርስ ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። አንደኛውን ኮርስ ሳይወስድ ሰባተኛውን ሊመዘገብ የመጣን ተማሪ ሬጅስትራር ምን እንደሚለው የማያውቅ እዚህ የለም! ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው ሜዲቴሽን ግን አብዛኛው እንደዚያ ነው። ጭንቀትህን ቀንስ፣ ውጤታማ ሁን፣ በደንብ ተኛ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ሰውን በድዬ፣ ዋሽቼ፣ የሰው ሐቅ ይዤ፣ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ ጸጥ ካልኩ፣ ያ ጸጥታ ምንድን ነው? ሕሊናን ማደንዘዣ ነው የሚሆነው።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የጊታ ታሪክ ራሱ ነው። ጊታ የሚጀምረው ገዳም ውስጥ ሳይሆን በሁለት ጦር መካከል ነው። አርጁና ሠረገላውን መሀል ሜዳ አስቁሞ ሲመለከት ከወዲያ በኩል የቆሙት የአጎቶቹ ልጆች፣ አያቱ፣ ቀስት ያስተማረው መምህሩ ድሮና ናቸው። አፉ ይደርቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስቱ ያመልጠዋል። ትምህርቱ ሁሉ የሚመጣው ለዚህ ለተንቀጠቀጠ ሰው ነው። በመጨረሻም አርጁና ይዋጋል። ይህን አልደብቃችሁም።

ጋንዲ ይህን መጽሐፍ በ1889 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በተማሪነታቸው ነው መጀመሪያ ያነበቡት፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም። እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልተለያቸውም። ጦርነቱን የሰው ልብ ውስጥ ያለ ጦርነት ነው ብለው ተረጎሙት፣ ጠመንጃ የሌለበት ትግልም መሩበት። ጋንዲን በጃንዋሪ 30 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. በጥይት የገደለው ናቱራም ጎድሴም ግን ጊታን አንባቢ ነበር፤ ወደ መሰቀያው ሲሄድ መጽሐፉ በእጁ እንደነበረ ተጽፏል። አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት አንባቢ። አንዱም ሌላውም ተረጋግተው ነው ያደረጉትን ያደረጉት። እኔን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ይህ ነው። መረጋጋት ብቻውን ደግነት አይደለም። የተረጋጋ እጅ ቀዶ ጥገናም ያደርጋል፣ ዒላማም አይስትም። ልዩነቱ ያለው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው።

ጊታም ራሱ ይህን አልሳተውም። የተመስጦው ምዕራፍ መቀመጫውን፣ ምግቡን፣ ትንፋሹን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ከፍተኛው ሰው ማን እንደሆነ ሲገልጽ (ቁጥር 32 ላይ ነው) የሌላውን ደስታና ሕመም እንደ ራሱ የሚያይ ነው ይላል። ልብ በሉ፣ ምንም የማይሰማው ሰው አላለም፤ የበለጠ የሚሰማው ነው ያለው።

የራሴን ጉዳይ በአጭሩ ላንሳ፣ ያለሱ የምለው ሁሉ ንባብ ብቻ ይሆናል። የእህቴ ልጅ በሰሜኑ ጦርነት ቀረብን። የዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ አራት ዓመት አንድ ክፍል የኖርን፣ እሱም በዚያው ጦርነት ታናሽ ወንድሙን አጣ። ልጁና ወንድሙ የተሰለፉት ግን በሁለት ወገን ነበር። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ፣ ስልክም ተከፍቶ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደወለልኝ። «ሰላም ነህ ወይ? የልጁን ሰማሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። «የናንተ ሰዎች» ብሎ የሚጀምር። ሲመጣ አየሁት። ልክ ጠዋት ጠዋት ሐሳብ ሲመጣ እንደማየው፣ ድሩ ሲበጠስ እንደሚታየው። ሦስት ጊዜ ያህል ተነፈስኩ። ከዚያ «የወንድምህንም ሰማሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም። ስልኩ እንደተያዘ ዝም ብለን ቆየን።

እንግዲህ የስንት ዓመት መቀመጥ ምን ሰጠህ ብትሉኝ፣ የሰጠኝ ያችን ሦስት ትንፋሽ ነው። ሐዘኑን አልወሰደልኝም። እህቴንም አላጽናናልኝም። በቃሉና በአፌ መካከል ትንሽ ቦታ ከፈተልኝ፣ ያ ብቻ ነው። ለኔ ግን ትልቅ ነው፤ በዚያች ቦታ ውስጥ አንድ ጓደኛ ተርፎልኛል።

አሁን ወደማይቀረው ጥያቄ። «ይህ የሌላ ሃይማኖት አይደለም ወይ?» አዎ፣ ነው። «ስፖርት ብቻ ነው» ብዬ አላታልላችሁም። የሂንዱ ትምህርት ስለ ነፍስ፣ ስለ ዳግም መወለድ፣ ስለ ፈጣሪ የራሱ እምነት አለው። ሻንካራን የመሰሉ ሊቆቻቸው የሰው ውስጠኛ ማንነትና የፍጥረት ሁሉ መሠረት አንድ ነው ብለው ያስተምራሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ይህን እንደነሱ አልቀበለውም፤ ሙስሊም ወንድሞቼም አይቀበሉትም። ግን ልጅ ሆነን እናቶቻችን ጎረቤት ልከው እሳት ያስጭሩን ነበር፣ አይደል? ፍም ይዘን መጥተን የራሳችንን ምድጃ እናቀጣጥላለን። የጎረቤቱን ቤት ነቅለን አላመጣንም፤ ፍሙን የሰጠንንም አመስግነን ነው የተመለስነው፣ «ከራሴ ነው ያገኘሁት» አላልንም።

በዚያ ፍም ያየሁት ደግሞ የራሴን ምድጃ ነው። ጽሞና፣ አርምሞ፣ ተመስጦ የሚሉት ቃላት ከየት መጡ? የገዳሞቻችን ቃላት ናቸው። መጽሐፈ መነኮሳት የምንላቸው ሦስቱ፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ስለ ልብ መሰብሰብ ብዙ ያስተምራሉ። ሂንዱው 108 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ይዞ ስም ይደጋግማል፤ የኛ እናቶች በመቁጠሪያቸው 41 ጊዜ እግዚኦታ ያደርሳሉ፤ ሙስሊሙ ተስቢሁን 33 እያለ ይቆጥራል። የሚጠሩት አንድ አይደለም፣ እምነቱም አንድ አይደለም። ጣት ፍሬውን ሲያልፍ ልብ ከመበተን መመለሱ ግን ለሁሉም ይሠራል። ስለዚህ ማንም ሰው በራሱ ጸሎት ይቀመጥ እላለሁ።

መጀመር የሚፈልግ ካለ የምመክረው ቀላል ነው። ወንበርም ይሁን በርጩማ፣ እግር መሬት ይንካ፣ ጀርባ ይቅና። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሽን አትግፉት፣ ሲገባና ሲወጣ ተከተሉት ብቻ። ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ከጠፋባችሁ ከአንድ ጀምሩ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ በሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይሻላል። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ሰው መድኃኒቱን እንዳይተው። ከባድ ድብርት ወይም ያለፈ ጉዳት የሚመላለስበት ሰው ብቻውን ዓይኑን ጨፍኖ ከመታገል መጀመሪያ ባለሙያ ያማክር።

ከመቀመጣችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። «የጎዳሁት፣ ወይም ያኮረፍኩት ሰው አለ ወይ?» ይህ ነው የመጀመሪያው ኮርስ።

ወገኖቼ፣ ባለፉት ዓመታት በዚህ ማኅበር ውስጥ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በአንድ ካፌ የበላን፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር የተዋዋስን ሰዎች ከቡድን መልእክት ተወጣጥተናል። በየዓመቱ ይመጡ የነበሩ ዛሬ ያልመጡ አሉ። ሁሉም ትኬት ተወዶባቸው አይደለም የቀሩት። እኔም ጓደኛዬን ጋብዤው «ዘንድሮ ይለፈኝ» ብሎኛል፤ አልፈርድበትም።

ይህ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ነው፤ ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር አብረው ያቋቋሙት ነው። ለሻይ ስንወጣ ቦታ አይጠበንም። ፕሮግራም መሪው ከፈቀዱልኝ መጀመሪያ ሁላችንም ባለንበት ለሦስት ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጥ፤ የፈለገ ይጸልይ፣ የፈለገ ትንፋሹን ይከተል። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ለሻይ ከመሰለፋችን በፊት እያንዳንዳችን ከዛፎቹ ሥር ዘወር ብለን ዛሬ እዚህ ላልመጣ አንድ ሰው እንደውል። ምን እንደምትሉ አልነግራችሁም። «ሰላም ነህ ወይ?» ካላችሁ ይበቃል። ካላነሳ ደግሞ ነገ ትደግሙታላችሁ፤ አብያሳ ያልናችሁ ይህንኑ ነው።

 የከርሞ ሰው ይበለን።